የመተማው መንገድ በፊልም መስኮት

ከዓመታት በፊት ለአንድ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ መተማ ዮሐንስ ሦስት ቀን ቆይቼ ነበር፡፡ የቆላው ሙቀት ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ቢለኝ ማታ ወጣ ብዬ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ፡፡ ውጭ ጄኔሬተር ያጓራል፤ ውስጥ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ ሳሉጎች አግዳሚው ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል፡፡ ፊልሙ የአሜሪካ የጦርነት ፊልም ነው፡፡ ጀግናው ብቻውን አንድ ሻለቃ ጦር ሲደመስስ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፡፡ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ግን አላጨበጨበም፡፡ «ጋሼ፣ ያ ከኋላ የወደቀው ማን ነበር?» አለኝ፡፡ አላወቅሁም፤ ፊልሙም አልነገረንም፡፡

ይህ ጥያቄ ሰሞኑን ተመልሶ መጣብኝ፡፡ ልጄ «አባዬ፣ ይቺን ደግሞ እያት» እያለች አራት ፊልሞች አሳየችኝ፡፡ ሦስቱ ከጎንደርና ከሱዳን መንገድ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ አራተኛው ወጣቶቹ «አኒሜ» የሚሉት የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው፡፡ እኔ የፊልም ሐያሲ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው፡፡ ስለዚህ የመዘንኳቸው በማውቀው ሚዛን ነው፡፡ ምስክሩ ማን ነው? የሚነግረን ያየውን ነው ወይስ የስሚ ስሚ?

አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል፡፡ ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ የሚደርሰው መንገድ ከደጋ ወደ በረሃ የሚጥል ቁልቁለት ነው፡፡ አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ሕይወታቸውን ያጡት እዚያው መተማ ነው፡፡ ከዘጠና ዓመታት ግድም በኋላ ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው እየተነሱ፣ ወታደርና ሽፍታ ፈርተው ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ በዚህና በአካባቢው ባሉ መንገዶች ወደ ሱዳን ተሻገሩ፡፡ በገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች፣ በተለይም በኡም ራኩባ፣ በሽታ ፈጃቸው፡፡ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ከሱዳን ወጥተው እስራኤል ገቡ፡፡ በመንገድና በካምፕ የሞቱት 4 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል፡፡

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚተርከው ከዚህ ታሪክ አንዱን ክፍል ነው፡፡ የሞሳድ ሰዎች በሱዳን ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ስፍራ፣ የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው ስደተኞችን በድብቅ ያስወጡ ነበር፡፡ ነገሩ እውነት ነው፤ ፊልሙም አይሰለችም፡፡ ችግሩ የተጓዡ ሕዝብ ድርሻ በጨለማ መጥቶ መኪና ላይ መውጣት፣ ከመኪና ወርዶ ጀልባ መግባት ብቻ መሆኑ ነው፡፡ በእውነተኛው ታሪክ መንገዱን ከከፈቱት ዋነኛ ሰዎች አንዱ ፈረደ አክሉም የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበር፡፡ ፊልሙ ከእርሱ ሕይወት የቀዳውን ገጸ ባሕርይ ስሙን ቀይሮ ከክሪስ ኢቫንስ ጀርባ አቆመው፡፡ እዚህ የሚመሰክረው አዳኙ ነው፤ የዳነው ቃሉን አልሰጠም፡፡

ራዱ ሚሃይሌአኑ የተባለው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ፊልም ይሻላል፡፡ የፈረንሳይኛ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደ ማለት ነው፡፡ በሱዳን ካምፕ ያለች አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇን ከሞት ለማትረፍ፣ ልጇ ለሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ሰጥታ ወደ እስራኤል ትሸኘዋለች፡፡ ልጁ በሌላ ሰው ስምና ሃይማኖት ያድጋል፡፡ መዳን ዋጋ እንዳለው ፊልሙ አልደበቀም፡፡ አብዛኛው ታሪክ ግን እስራኤል ውስጥ ስለሚካሄድ፣ እዚያ ካምፕ የቀረችው እናት ዓመታቱን እንዴት እንዳሳለፈች አናይም፡፡

የጎንደሩ ተወላጅ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሌላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ተሸልሟል፡፡ ከጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር በሚኖርበት መንደር ልጆች ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ይደበቃሉ፡፡ ፊልሙ ስለ መተማ አይናገርም፤ ሰው ቀዬውን ጥሎ የሚሸሸው በምን ምክንያት እንደሆነ ግን ከውስጥ ሆኖ ያሳያል፡፡

አሁን ወደ ካርቱኑ ልምጣ፡፡ ኢሳኦ ታካሃታ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው «የአብሪ ጥንዚዛዎች መቃብር» ነው፡፡ በ1945 እናታቸው በቦምብ የሞተችባቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅና የአራት ዓመት እህቱ ይራባሉ፡፡ ታሪኩ ይኸው ነው፡፡ አዳኝ አይመጣም፤ ሰይጣን የሆነ ክፉ ሰውም የለም፡፡ ያስጠጋቻቸው አክስት የሟች እናታቸውን ኪሞኖ በሩዝ ለውጣ፣ ቀስ በቀስ ድርሻቸውን ታሳንሳለች፡፡ ሐኪሙ «ምግብ ያስፈልጋታል» ብሎ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ያልፋል፡፡ አንድ ሌሊት ልጆቹ አብሪ ጥንዚዛዎችን ሰብስበው ለብርሃን አጎበር ውስጥ ይለቋቸዋል፡፡ ሲነጋ ሁሉም ሞተዋል፤ ትንሿ ጉድጓድ ቆፍራ ትቀብራቸዋለች፡፡ መተማ ያደረ ሰው አጎበር ሲያይ ወባን ያስባል፤ እኔ ግን የኡም ራኩባን ሕፃናት አሰብኩ፡፡ በሦስቱ ፊልሞች ያላየኋቸውን ማለቴ ነው፡፡

«ካርቱን እንዴት ምስክር ይሆናል?» የሚል አይጠፋም፡፡ መልሱ ከሠሪዎቹ ሕይወት ይገኛል፡፡ ታሪኩን የጻፈው አኪዩኪ ኖሳካ በዚያው ጦርነት ትንሽ እህቱን በረሃብ አጥቷል፡፡ ታካሃታም በዘጠኝ ዓመቱ ኦካያማ ከተማ ላይ ከወረደው ቦምብ የተረፈ ሰው ነው፡፡ ሥዕሉ የእጅ ሥራ ነው፤ ቃሉ ግን የዓይን ምስክር ቃል ነው፡፡

ይህ የፊልም ወሬ ብቻ አይደለም፡፡ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ አቅጣጫውን ቀይሯል፡፡ የሱዳን ጦርነት ያባረራቸው ሰዎች፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ በመተማ በኩል ገቡ፡፡ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ከሰፈሩት ስደተኞች ብዙዎቹ ዝርፊያና ጥቃት ስለበዛባቸው በ2016 ዓ.ም. መጠለያውን ጥለው መንገድ ዳርና ጫካ ለመስፈር ተገደዱ፡፡ የዚህን ፊልም ነገ ማን ይሠራው ይሆን? እኛ ዝም ካልን፣ ጀግናው እንደገና ከውጭ የመጣ ሰው መሆኑ አይቀርም፡፡

በሥነ ሥርዓት ሕጋችን ምስክር ከአገር ሊወጣ ከሆነ ቃሉ አስቀድሞ እንዲሰማ ፍርድ ቤት ይጠየቃል፡፡ በ1977 ሃያ ዓመቱ የነበረ መንገደኛ ዛሬ ስልሳን አልፏል፡፡ አብረው ተጉዘው ከመንገድ የተመለሱ፣ ውኃ ያቀበሉ፣ ሬሳ የቀበሩ የቆላ ሰዎችም አርጅተዋል፡፡ ለዚህ ኔትፍሊክስ አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክና የሚያዳምጥ ሰው ይበቃል፡፡ የመጀመሪያው ጥያቄ የዚያ ሳሉግ ጥያቄ ይሁን፤ ከኋላ የወደቀው ማን ነበር?