ስለ ዓሣ ኩሬ የውኃ አገባብና ዝውውር
ለይጁቤና ይጁቤን ለመሳሰሉ የደጋ ወረዳዎች

ውኃ ለዓሣ ማደሪያው ብቻ አይደለም፤ እስትንፋሱም ነው። ሰው ከነፋስ አየርን እንደሚስብ፥ ዓሣም በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በስንጥቡ ይስባል። ስለዚህ የዓሣ ኩሬ የሚያስቆፍር ሰው ከጉድጓዱ ስፋት አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር፥ ውኃው በየት ገብቶ፥ እንዴት ዞሮ፥ በየት እንደሚወጣ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በቀይ ባሕር የሚገኘው መርጃን ነው። መርጃን ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ከበቀለበት ስለማይነቃነቅ ማዕበሉ ምግቡንና እስትንፋሱን ያመጣለታል፥ ጉድፉንም ያጥብለታል። ዛሬ መርጃንን በመስተዋት ሣጥን የሚያኖሩ ሰዎች፥ አዲስ ውኃ ዘወትር አያፈሱበትም፤ ነገር ግን ያንኑ ውኃ በመዘውር እየገፉ በየሰዓቱ ብዙ ጊዜ ያዞሩታል፤ ውኃ ተኝቶ የሚቀርበት ማዕዘን እንዳይኖርም ይጠነቀቃሉ። የጥበባቸው ሥር የውኃው ብዛት ሳይሆን ዝውውሩ ነው።

ባሕር ለሌለው ለጎጃም ደጋም ይኸው ጥበብ ይጠቅማል። ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አገር በበጋ ወራት የምንጭ ውኃ በተራ የሚከፈል ነው፤ ተራውንም የሚያከፋፍለው የውኃ አባት ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ ኩሬ ልሥራ ባለ ጊዜ፥ ጎረቤቶቹ «የአትክልታችንን ውኃ ዓሣ ሊጠጣው ነው» ብለው ቢሠጉ አይፈረድባቸውም። ሥጋቱን የሚያርቀው የተለካ ሒሳብ ነው።

ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱ 10 ሜትር፥ ጥልቀቱም 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 200,000 ሊትር ይይዛል። በመስረግና በመትነን በቀን 1 ሳንቲ ሜትር ቢጎድል፥ የጎደለው 2,000 ሊትር ነው። ምንጩ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በ40 ሴኮንድ ከሞላ፥ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። እንግዲህ ኩሬው የሚፈልገው ከምንጩ ከ20 እጅ አንድ እጅ አይሞላም፤ ይኸውም ከ1 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ፍሰት ነው። የቀረው ሁሉ ለአትክልት ነው። የመጀመሪያው ሙሌት ግን ወደ 5 ቀን ስለሚፈጅ፥ ምንጭ በሚጠነክርበት በመስከረም ወር ቢደረግ ይሻላል።

ምንጩን ሌትና ቀን በኩሬው ማሳለፍ ጥቅም የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ጉዳት ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሙቀት ይወዳል፤ ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መብላቱን ሊተው ይቀርባል። የማያቋርጥ ፍሰት ፀሐይ ያሞቀውን ውኃ ያስወጣል፤ ዓሣው የሚመገበውን ከዓይን የረቀቀ አረንጓዴ ተክልም አብሮ ይጠርጋል።

የደጋ ኩሬ ሌላም ችግር አለበት። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፥ ውኃው የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ደግሞ ያ አረንጓዴ ተክል በቀን ኦክሲጅን ሲሰጥ ውሎ በሌሊት ራሱ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ኦክሲጅን እጅግ የሚጎድለው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ዓሦች በማለዳ ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ቢታዩ ምልክቱ ይህ ነው። በቶሎ ካልተረዱ በአንዲት ሌሊት ብዙዎቹ ያልቃሉ።

መድኃኒቱ በአሠራሩ ነው። የመግቢያው ቧንቧ ከውኃው ፊት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ውኃው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተረጨ ይውረድ፤ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ብዙ ጊዜ ኦክሲጅን ስለሚያንሰው፥ በመውደቁ አየር ይቀላቀለዋል። የባዕድ ዓሣ ዕንቁላልና ጫጩት እንዳይገባ በቧንቧው አፍ ወንፊት ይታሰር። የዕለቱ ውኃ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ ቢለቀቅ፥ ያው ጥቂት ውኃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይደርሳል።

መውጫው ከመግቢያው ፊት ለፊት በሌላው ጫፍ ይሁን፤ የኩሬውም ወለል ወደዚያ ያዘንብል። በመውጫው በቆመው ቧንቧ ላይ ሰፋ ያለ ሌላ ቧንቧ ይልበስ፤ የላይኛው ጫፉ ከውኃው በላይ ይታይ፥ የታችኛው ጫፉ ግን ይሸንቆር። እንዲህ ከሆነ የሚወጣው ከላይ ያለው ሞቃት ውኃ ሳይሆን ከሥር የተኛው የቆሸሸ ውኃ ነው። ማዕዘኖቹ ይክበቡ፤ ርዝመቱም ነፋስ በሚነፍስበት አቅጣጫ ቢሆን፥ ነፋሱ ያለ ዋጋ ውኃውን ያዞራል።

የሚወጣው ውኃ ከዓሣው ጉድፍ የተነሣ ለተክል ምግብ ስላለው ወደ አትክልት ይመራ እንጂ ወደ ሁለተኛ ኩሬ አይግባ፤ በሽታ ያዛምታልና። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍም ኩሬውን እንዳይደፍነው በላዩ በኩል የመከላከያ ቦይ ይቆፈር።

ስለዚህ የወረዳ ሹም ለኩሬ ፈቃድ ሲጠየቅ፥ ከቁፋሮው በፊት ከውኃ አባቱና ከገበሬዎቹ ጋር ወደ ምንጩ ወርዶ በባልዲና በሰዓት ያስለካ። በሁሉ ፊት የተለካ ውኃ ለዓሣውም ለአትክልቱም ሊበቃ ይችላል፤ ሳይለካ የተከፈለ ውኃ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።