ትኩሳት የማያሳብቀው ኢንፌክሽን

የጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው አራት ቀን የሆናቸውን አንድ የ78 ዓመት አባት እናስብ። ሌሊቱን ሲቃዡ አድረዋል። ከሞተ ዓመታት ያለፉትን ወንድማቸውን ይጠራሉ፤ የጉሉኮሱን መርፌ ካልነቀልኩ ብለው ይታገላሉ። ጠዋት ሲለካ ሙቀታቸው 36.8 ነው። አስታማሚዋ ልጃቸው «ሰመመኑ ነው፣ እርጅናም አለ» ብላ ራሷን ታጽናናለች። ትንፋሻቸው ግን በደቂቃ 26 ደርሷል።

ወጣት ሰው ኢንፌክሽን ሲይዘው ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። በአረጋውያን ላይ ትኩሳት የሚያስነሳው የመከላከያ ሥርዓት ራሱ ደክሟል። ከደረት አጥንት ጀርባ ሆና ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች የምታበስለው የታይመስ ዕጢ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸች ሄዳ፣ በዚህ ዕድሜ አብዛኛው አካሏ ስብ ሆኗል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት ድንገት መቃዠት፣ ምግብ እምቢ ማለት ወይም ያለወትሮ እንቅልፍ ማብዛት ሊሆን ይችላል።

ጨጓራ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ሐኪሞች የምግብ ቧንቧውን በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፉታል። ስፌቱ ካፈሰሰ ሆድ ውስጥ መግል ይቋጥራል። ሁሉም የሚፈራው ይህንን ነው፤ ቢፈራም ተገቢ ነው። ብዙ የማይወራለት ግን የሳንባ ምች ነው። ቁስሉ ስለሚያም አዛውንቱ በረጅሙ አይተነፍሱም፤ አይስሉምም፤ አክታው ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። የመዋጥ አቅማቸው ከደከመ ደግሞ በእንቅልፍ ልባቸው ምራቅ ወደ ሳንባ ይሾልካል፤ በድድና በጥርስ መካከል የሚኖረውን ባክቴሪያም ይዞ ይወርዳል።

የጨጓራ ካንሰር በሚበዛባትና ከሩብ በላይ ሕዝቧ 65 ዓመት በሞላው ጃፓን፣ የጤና መድኑ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለካንሰር ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የሚደረገውን የአፍ እንክብካቤ ይሸፍናል። የጥርስ ሐኪም በጥርስ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ይፈቀፍቃል፤ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለም ያያል። የጥርስ ብሩሽ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ምግብም እንዲሁ። ይህ ካንሰር የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ብዙ ታካሚ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው ከስቶ ነው። ቁስል የሚሽረው፣ ባክቴሪያን የሚዋጋው ፀረ እንግዳ አካልም የሚሠራው በፕሮቲን ነው። ሰውነታቸው ክፉኛ ለተጎዳ ታካሚዎች የአውሮፓ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ቀዶ ሕክምናውን ከ7 እስከ 14 ቀን አቆይቶ ማገገሚያ ምግብ መስጠትን ይመክራሉ። ቤተሰብ «ካንሰሩ እስኪሰራጭ ነው የምንጠብቀው?» ብሎ መጨነቁ አይቀርም፤ ጭንቀቱም ይገባኛል። ሆኖም በእነዚያ ቀናት የሚበላው እንቁላልና የሚጠጣው ወተት ለስፌቱ መያዣ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ በጊዜ ከአልጋ መነሳት፣ ትራስ ሆድ ላይ ደግፎ መሳል፣ በረጅሙ መተንፈስ አለ። ይህን አብራ የምታደርገው ያቺው ልጅ ናት። ነርሶች ፈረቃ ይቀይራሉ፤ አባቷ ትናንት እንዴት እንደነበሩ የምታውቀው እሷ ናት። ሐኪሙ ሲመጣ «ትናንት ማታ በስሜ ጠርተው መርቀውኝ ነበር፤ ዛሬ አላወቁኝም» ትለዋለች። ሐኪሙ ቴርሞሜትሩን ትቶ ማዳመጫውን ከጀርባቸው ያሳርፋል፤ ከቀኝ ሳንባቸው ግርጌ የእርጥበት ድምፅ ይንጣጣል።