ከአንገት የማይለቅ ሹራብ

ጋንዚ የብሪታንያ ዓሣ አጥማጆች፣ በተለይም የስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ሰዎች፣ ባሕር ላይ ይለብሱት የነበረ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ነው። ገላ ላይ ልክክ ይላል። ደረቱ ገመድ፣ መሰላልና ዚግዛግ በሚመስሉ ጎላ ጎላ ያሉ ቅርጾች ተሞልቷል። ኮሌታው አንገትን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን በሁለት ወይም በሦስት ቁልፎች ይዘጋል። ሲያዩት የክት ልብስ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ለሥራ ነው።

ቁልፎቹን ራሳቸውን ብንወስድ፣ የሰሜን ባሕር ነፋስ በአንገት ሾልኮ እንዳይገባ ኮሌታው መጥበብ አለበት፤ ከጠበበ ደግሞ ራስ አያሳልፍም። ስለዚህ ጎኑ ላይ ክፍት ቦታ ይተውለትና በቁልፍ ይያያዛል። የቁልፍ ቀዳዳውን ለማውጣት መቀስ አያስፈልግም። ሠሪዋ ሁለት የክር ቀለበቶችን አጣምራ እንደ አንድ ትሠራቸዋለች፤ ወዲያው ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ትጠመጥመዋለች። የቀለበቶቹ ቁጥር ሳይጎድል መሐላቸው ቁልፍ የምታሳልፍ ቀዳዳ ትቀራለች።

የደረቱም ቅርጽ ምሥጢር ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። አዲሱ ቀለበት ወደ ፊት ከተሳበ ለስላሳ መልክ ይሰጣል፤ ወደ ኋላ ከተሳበ ትንሽ ጉብታ ያወጣል። መሰላሉም ዚግዛጉም የእነዚህ የሁለቱ መፈራረቅ ነው። ገመዱ ብቻ ይለያል፦ ሦስት ያህል ቀለበቶች በትርፍ መርፌ ተይዘው ከጎናቸው ያሉት ቀድመው ይሠራሉ፤ ያን ጊዜ ክሩ ተሻግሮ የተገመደ ይመስላል። ጉብታና ጉድጓዱ አየር ስለሚይዝ፣ ገመዱም ክር ስለሚበላ፣ ቅርጹ የበዛበት ደረት ይበልጥ ይሞቃል። ከደረት በታች ያለው ክፍል በብዙዎቹ ላይ ያለ ጌጥ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም።

ልብሱ ስፌት የለውም። ከታች ጀምሮ በአምስት ቀጫጭን የብረት መርፌዎች እንደ ቱቦ እየዞረ እስከ ብብት ይወጣል፤ ከዚያ ፊትና ጀርባው ለየብቻ ተሠርተው ትከሻ ላይ ይገናኛሉ። ብብት ሥር ክንድ እንደልብ እንዲነሣ አራት ማዕዘን ቁራጭ ይገባል። እጅጌው ከትከሻ ወደ ታች ነው የሚሠራው። ይህ ብልህነት ነው፦ ቶሎ የሚያልቀው የእጅጌው ጫፍና ክርኑ ስለሆነ፣ የነተበውን ከታች ተርትሮ በአዲስ ክር መቀጠል ይቻላል።

ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሔሪንግ የተባለውን ዓሣ የሚያጸዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በበጋ ከሼትላንድ ተነሥተው መርከቦቹን እየተከተሉ በመከር እንግሊዝ ውስጥ ግሬት ያርማውዝ ድረስ ይወርዱ ነበር። የሚሠሩት በሦስት በሦስት ሆነው ነው፤ ሁለቱ ዓሣውን ይሰነጥቃሉ፣ አንዷ በጨው በርሜል ትደረድራለች። ቢላና ጨው እንዳይጎዳቸው ጣቶቻቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። ጨርቁ ሲፈታ ደግሞ እነዚያው ጣቶች መርፌ ይይዛሉ፤ በእረፍት ሰዓት፣ በመንገድ ላይ ሳይቀር እየሄዱ ይሠሩ ነበር።

በባሕር የሞተ ሰው አስከሬን ዳርቻ ሲወጣ መንደሩ በሹራቡ ቅርጽ ይታወቅ ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ወሬውን ካዳመቁት አንዱ የአየርላንዱ ጸሐፌ ተውኔት ጆን ሚሊንግተን ሲንጅ ሳይሆን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1904 መድረክ ላይ በወጣው ተውኔቱ አንዲት እህት የሰመጠ ወንድሟን ከሠራችው ልብስ ትለየዋለች። ያ ልብስ ግን ሹራብ ሳይሆን ካልሲ ነበር። ሴቶቹ ወደብ ለወደብ ሲዞሩ አንዷ የሌላዋን ቅርጽ እያየች ትቀዳ ስለነበር፣ አንድን ቅርጽ ለአንድ መንደር ብቻ መስጠት አስቸጋሪ ነው። ስለ ባለቤቱ ይበልጥ የሚናገሩት በአንዳንድ ጋንዚዎች ላይ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብለው የተሠሩት የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው።