የማቻ ኬክ ለምን በስሱ ይነባበራል?

ጎመን ከመጠን በላይ ሲበስል ልምላሜው ጠፍቶ ወደ ቡናማ እንደሚያደላ ሁላችንም እናውቃለን። በቤት ውስጥ የሚጋገር የማቻ ኬክም የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነው፤ ሊጡ እንደ ሣር ለምልሞ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ግን ደብዝዞ ይወጣል። ለመሆኑ አረንጓዴው ቀለም የት ይሄዳል?

ማቻ እንደ ዱቄት የላመ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ነው። ተክሉ ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ለሳምንታት ከፀሐይ ይከለላል። ቅጠሉም በጥቂቱ ብርሃን ለመጠቀም ሲል ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለም ያበዛል። የክሎሮፊል ሞለኪውል በመካከሉ አንድ የማግኒዚየም አቶም የያዘ ቀለበት አለው። ይህን ቀለም በጥልቀት ያጠናው ጀርመናዊው ኬሚስት ሪቻርድ ቪልሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1915 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሙቀትና አሲድ ሲተባበሩ ማግኒዚየሙ ከቀለበቱ ይወጣና ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ቦታውን ይይዛሉ። ደብዛዛው ቀለም የሚመጣውም ከዚህ ለውጥ ነው።

ታዲያ ሶዳ ጨምሮ አሲዱን ማርከስ አይበጅምን? ሶዳ ክሎሮፊሉን ቢጠብቅም፣ ሲበዛ ካቴኪን የተባሉትን የሻዩን ውሁዶች ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ያጠቁራል፤ ጣዕሙንም ሳሙና ሳሙና ያሰኛል። ስለዚህ አሲድና ቤዝ የተመጣጠኑበት ቤኪንግ ፓውደር ይመረጣል። ከዚህ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ጊዜን ማሳጠር ነው።

ሙቀት ወደ ኬኩ መሐል ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ በግምት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ጊዜው ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል ማለት ነው። በቤት ምድጃ ስሌቱ በትክክል ባይሠራም፣ ስስ ኬክ ፈጥኖ እንደሚበስልና ክሎሮፊሉም ለሙቀት የሚጋለጠው ለአጭር ጊዜ እንደሆነ ግልጽ ነው። ንብብሩ ለውበት ብቻ አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው።

ለአሠራሩ 200 ግራም የገበታ ቅቤ ከ200 ግራም ስኳር ጋር ይመታል፤ 4 እንቁላሎች አንድ በአንድ ይገባሉ። 185 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 15 ግራም ማቻና 8 ግራም ቤኪንግ ፓውደር በአንድነት ተነፍተው ይጨመራሉ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ጋዙ አብዝቶ ይለጠጣል፤ ኬኩ ነፍቶ እንዳይሰምጥ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 6 ግራም መቀነስ ይበጃል። ሊጡ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት መጋገሪያዎች ተከፍሎ በ165 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል።

ነጭ ቸኮላት የካካዎ ቅቤ፣ ወተትና ስኳር እንጂ ቡናማው የካካዎ ዱቄት የለበትም፤ ስለዚህ አረንጓዴውን አይሸፍንም፣ ጣፋጭነቱና ቅባቱም የሻዩን ምሬት ያለዝባሉ። 300 ግራም ቸኮላት በ100 ግራም ትኩስ ክሬም ይቀልጥና ቀዝቅዞ ሲወፍር በንብብሮቹ መካከል ይቀባል። የካካዎ ቅቤ በ34 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ኬኩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ ክሬሙ ፈስሶ ንብብሩ ይንሸራተታል።

አንባብያን ይህን በራሳቸው መፈተን ይችላሉ። ከአንድ ሊጥ ግማሹን በወፍራሙ፣ ግማሹን በስሱ ጋግሮ፣ ሁለቱንም ከመሐል ቆርጦ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።