እጁ የሚያውቀው

አምስት፣ ስምንት፣ አራት። ሄንሪ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አስታውስ ተብሎ ለሩብ ሰዓት ብቻውን ተቀምጧል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ተመልሳ ስትጠይቀው አንዱንም አልሳተም። እንዴት እንደያዘው ዘዴውን ዘረዘረላት፤ ስምንትን ብቻ ትይዛለህ፤ የሦስቱ ድምር 17 ነው፤ ከ17 ስምንት ሲነሣ ዘጠኝ ይቀራል፤ ዘጠኝን ለሁለት ብትከፍለው አምስትና አራት ይመጣሉ። ሩብ ሰዓቱን ሙሉ ይህንኑ ሲያመላልስ ነበር። ከዚያ ወሬ ቀየሩ። ደቂቃ ያህል ሳይቆይ ቁጥሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ቁጥር አስታውስ መባሉም ከነጭራሹ ጠፋበት።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1955፣ ቦታው አሜሪካ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ነው። ሚልነር ከሞንትሪያል የመጣችው በሌሊት ባቡር ነበር። በካምብሪጅ ተማሪ ሳለች መምህሯ ኦሊቨር ዛንግዊል፣ ጤነኛው አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የተጎዳውን መመርመር እንደሚጠቅም አመላክተዋት ነበር። በኋላም በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የዶናልድ ሄብ የዶክትሬት ተማሪ ስትሆን፣ ሄብ በ1950 ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዋይልደር ፔንፊልድ ዘንድ ላኳት። ሥራዋ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ መፈተን ነው።

እዚያ ሁለት ሰዎች እንቆቅልሽ ሆኑባት። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በአንጎላቸው ግራ ጎን ብቻ ነው፤ ግን አዲስ ነገር መያዝ አቃታቸው። ፔንፊልድና ሚልነር የቀኙ ጎን ቀድሞውኑ ተጎድቶ ይሆናል ብለው ገመቱ። ግምታቸው የሃርትፎርዱ ሐኪም ዊልያም ስኮቪል ዘንድ ሲደርስ ነገሩ የሚያውቁት ሆኖ አገኙት። እሳቸው በ1953 የሄንሪን የሚጥል በሽታ ለማስታገስ ሂፖካምፐስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ብዙውን ከሁለቱም ጎን አውጥተው ነበር። ለፔንፊልድ ደወሉ፤ ሚልነር በሌሊት ባቡር የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚልነር የፈተነችው ሰው የማሰብ ችሎታ ውጤት 112 ነው፤ ከአማካዩ በላይ። የማስታወስ ውጤቱ ግን 67። ዛሬ መቼ ነው ሲባል መጋቢት 1953 ይላል፤ ዕድሜውን 27 ይላል፤ ሁለት ዓመቱ የለም። ፈታኝ ሁሉ እዚህ ላይ “መማር አይችልም” ብሎ ፋይሉን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል?

እሷ አልዘጋችውም። በድርብ መስመር የተነደፈ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አስቀመጠችለት። ወረቀቱም እጁም ተጋርደዋል፤ የሚያየው በመስታወት ውስጥ ብቻ ነው። እርሳሱ ከመስመሮቹ ሳይወጣ ኮከቡን መዞር አለበት። የሞከረው ያውቀዋል፤ ወደ ራስህ የሳብከው እርሳስ በመስታወቱ ሽቅብ ይሸሻል። ሦስት ቀን፣ በቀን አሥር ጊዜ ሞከረ። በየቀኑ መልመጃው ለእሱ አዲስ ነው፤ ከዚህ በፊት አይቶት የሚያውቅ አይመስለውም። በሦስተኛው ቀን ግን እጁ ያለ ስህተት ማለት ይቻላል ዞረ። ይከብዳል ብዬ አስቤ ነበር ብሎ ራሱም ተገረመ።

እጁ ተምሯል፤ ባለቤቱ አልሰማም። ማስታወስ አንድ ዕቃ እንዳልሆነ በዚህ ታወቀ። ከ1962 ጀምሮ የሚልነር ተማሪ ሱዛን ኮርኪን ሄንሪን እስከ ሞተበት እስከ 2008 ተከታተለችው። ስሟን አልያዘም፤ ፊቷ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛው ፊት ይመስለው ነበር።

ለሥነ ልቦና ተማሪ ከዚህ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ታዲያ ምን ላስተምረው? እ.ኤ.አ. በ1994 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አለን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን ጽኑ የመርሳት ችግር ያለባቸውን 16 ሰዎች በሁለት መንገድ አስተማሩ። በአንደኛው “በእነዚህ ሁለት ፊደላት የሚጀምር ቃል አስቤያለሁ፣ ገምት” ይሏቸዋል፤ ከስህተት በኋላ መልሱን ይነግሯቸዋል። በሌላኛው ቃሉን አስቀድመው ነግረው ያስጽፏቸዋል። በሁለተኛው እጅግ የተሻለ ያዙ።

እኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስህተት አስተማሪ ነው ሲባል አድገናል። ነገር ግን ስህተት የሚያስተምረው መሳሳቱን ለሚያስታውስ ሰው ነው። የሄንሪ ዓይነቱ ሕመምተኛ ግምቱን እንጂ እርማቱን አይይዝም፤ በዝምታ የሚማረው የአንጎሉ ክፍል ስህተቱንም እንደ ትክክል ይለማመደዋል። “እስቲ ሞክር” የሚለው ደግ ቃል እዚህ ጎጂ ሆኖ ተገኘ። መልሱን አስቀድሞ የመንገር መንገድ የጠፋውን ማስታወስ አይመልስም፤ አንድን ስም፣ አንድን አሠራር ያስይዛል እንጂ።

ዊልሰን በ1996 በኢሊ ከተማ፣ እንግሊዝ፣ የአንጎል ጉዳት ማገገሚያ ሲከፍቱ በኦሊቨር ዛንግዊል ስም ሰየሙት። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ጀማሪ ባለሙያ በማግሥቱ ወደ ሕመምተኛው ሲገባ “ታስታውሰኛለህ? ስሜን ገምት” አይልም። እጁን ይዘረጋል፣ ስሙን ይናገራል፣ ደብተሩን ከፍቶ ያስጽፋል።