ባክቴሪያ ገዳዩ ቫይረስ ገበያ ርቆታል

በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ይሠራ የነበረው ኮንትራፌክት የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ኪሣራውን አሳውቆ ተዘግቷል። ኩባንያው ተስፋውን የጣለው ኤክሴባኬዝ በሚባል ኢንዛይም ላይ ነበር። ኢንዛይሙ መነሻው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲሆን ሥራው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለውን ባክቴሪያ ግድግዳ በጥሶ ማፈንዳት ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ሙከራ፣ መድኃኒት የተላመደው የባክቴሪያው ዓይነት ደማቸው ውስጥ ከገባ ሕሙማን መካከል ኢንዛይሙ በመደበኛው አንቲባዮቲክ ላይ ተደርቦ ከተሰጣቸው 74 በመቶው ተሽሏቸዋል። አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት የተሻላቸው 31 በመቶ ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2020 ምርቱ በቶሎ እንዲታይ ልዩ ደረጃ ሰጥቶት ነበር። ሆኖም በ2022 በሦስተኛው ደረጃ ሙከራ መካከል የተደረገ ግምገማ ተፈላጊው ውጤት እንደማይገኝ ስላመለከተ ሙከራው ተቋረጠ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ አልቆየም።

አንድ ሸቀጥ ብቻ ይዞ የወጣ ነጋዴ ሸቀጡ ሲወድቅ አብሮ መውደቁ አይገርምም። የዚህኛው የሚያስቆጨው ፈላጊው ብዙ በመሆኑ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2022 የወጣ ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ መሞታቸውን ገምቷል።

ሸቀጡም ቢሆን አዲስ አይደለም። በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል በ1917 እነዚህን ቫይረሶች ባክቴሪዮፋጅ፣ ማለትም ባክቴሪያ በል ብሎ ሰየማቸው። ፋጁ ባክቴሪያው ላይ ተጣብቆ ዘረመሉን ያስገባል፣ በውስጡ ይራባል፣ ከዚያም ግድግዳውን በኢንዛይም በጥሶ ይወጣል። በ1930ዎቹ ኤላይ ሊሊን የመሰለ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ሳይቀር ፋጅ ይሸጥ ነበር። የምርቶቹ ጥራት ግን የማያስተማምን ነበር። ፔኒሲሊን በገፍ መመረት ሲጀምር ምዕራባውያኑ ፋጅን እርግፍ አድርገው ተዉት። ሕክምናው የቀጠለው በሶቪየት ኅብረት፣ በተለይም በ1923 በተቋቋመው የትብሊሲ ኢንስቲትዩት ነበር።

ለምን ተተወ ቢባል፣ ፔኒሲሊን ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ ነው፤ ፋጅ ግን በልክ የሚሰፋ ነው። አንድ ፋጅ የሚገድለው አንድን የባክቴሪያ ዝርያ፣ አንዳንዴም ከዝርያው የተወሰኑትን ብቻ በመሆኑ ሐኪሙ በመጀመሪያ ባክቴሪያውን ለይቶ ማወቅ፣ ቀጥሎም ልኩን መፈለግ አለበት። በ2016 በሳንዲያጎ ሞት አፋፍ ደርሶ የነበረው ፕሮፌሰር ቶም ፓተርሰን በፋጅ ሲድን ዩኒቨርሲቲዎችና የባሕር ኃይሉ ላቦራቶሪ ለአንድ ሰው ብለው ፋጅ ሲያስሱ ነበር። ባክቴሪያው የመጀመሪያዎቹን ሲለምድም ሌላ ፋጅ መፈለግ ግድ ሆኗል። ይህን የመሰለ አገልግሎት በብዛት ተመርቶ ዋጋው የሚወርድ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የባለቤትነት መብት ነው። ፋጅ በፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። አንዱ ድርጅት ዛሬ ያገኘውን ተፎካካሪው ነገ ከሌላ ቦይ ሊቀዳው ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ተፈጥሯዊ ዲኤንኤ የፈጠራ መብት እንደማይሰጠው መወሰኑ ደግሞ በተፈጥሮ የተገኘን ነገር የግል ማድረግን ይበልጥ አክብዶታል። ባለገንዘቦች ከፋጁ ይልቅ ወደ ኢንዛይሙ ያደሉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ኢንዛይም በላቦራቶሪ ተሻሽሎ ባለቤት ሊኖረው ይችላልና። አቅሙም አይናቅም። በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የቪንሰንት ፊሼቲ ቡድን በ2001 እንዳሳየው 10 ናኖግራም ኢንዛይም 10 ሚሊዮን ያህል ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያዎችን በ5 ሴኮንድ ውስጥ ጨርሷል።

ግን ቢሳካስ? አቻኦጀን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ፕላዞሚሲን የተሰኘውን አዲስ አንቲባዮቲክ በጁን 2018 አስፈቅዶ በኤፕሪል 2019 ከስሯል። አዲስ መድኃኒት ባክቴሪያ እንዳይለምደው ተብሎ ለጭንቅ ጊዜ ይቀመጣል፣ ሲሰጥም ለጥቂት ቀናት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይገዛል። ባለአክሲዮን የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

የሚገርመው ፋጅ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ለሕሙማን ሳይሆን ለሥጋ ነው። ኢንትራላይቲክስ የተባለው የባልቲሞር ኩባንያ በ2006 ለመብል በተዘጋጀ ሥጋ ላይ የሚረጭና ሊስቴሪያን የሚገድል የፋጅ ቅይጥ አስፈቅዷል። የሥጋ ፋብሪካ ጠላቱን አስቀድሞ ያውቃል፣ ርጭቱንም በየቀኑ ይፈልጋል። ደንበኛ ማለት ይህ ነው።

ለሕሙማኑ ሌላ መንገድ ያበጀችው ቤልጂየም ናት። ከ2018 ወዲህ ፋርማሲስት በሐኪም ትእዛዝ ለአንድ በሽተኛ ፋጅ እንዲቀምም ስለተፈቀደ እያንዳንዱን ፋጅ በሙሉ የመድኃኒት ፈቃድ ሂደት ማሳለፍ አላስፈለገም። ብራስልስ ያለው የንግሥት አስትሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ካስተባበራቸው፣ በ2024 ሪፖርታቸው ከወጣ 100 ሕሙማን ኢንፌክሽኖች 77 በመቶ ያህሉ መሻሻል አሳይተዋል፤ የአብዛኞቹ ሕክምና ግን ከአንቲባዮቲክ ጋር የተጣመረ ስለነበር ድሉ የፋጅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እንግሊዝ ደግሞ በ2022 ለሁለት አንቲባዮቲኮች የሽያጩ መጠን ምንም ይሁን ለእያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተዋውላለች። እሳት ቢነሳም ባይነሳም የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደመወዙን እንደሚያገኝ ማለት ነው። በዚህ ውል ግን ፋጅም ሆነ የፋጅ ኢንዛይም አልተካተተም።