ከአሮጌ ሹራብ የሚወለድ የበዓል አሻንጉሊት

የልደት በዓል በአገራችን የሚከበረው ብርዱ በሚበረታበት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። በዚህ ወቅት ቤት ይጸዳል፤ ሣጥንና ቁም ሣጥን ይፈተሻል፤ ሹራብም ከተቀመጠበት ይወጣል። ከሚወጡት መካከል ክርኑ የተበሳ፣ አንገቱ የላላ፣ ብል የበላው ወይም ባለማወቅ በፈላ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ልብስ ዕጣ ፈንታው ብዙውን ጊዜ ወለል መወልወያ መሆን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የዶሮውን፣ የቅቤውንና የሥጋውን ወጪ የተሸከመ ወላጅ ለልጁ መጫወቻ መግዣ ገንዘብ ከየት እንደሚያመጣ ሲጨነቅ ይታያል። የተጣለው ሹራብና የልጁ ባዶ እጅ በአንድ መርፌና ክር ሊገናኙ ይችላሉ።

ከወዳደቀ ጨርቅ መጫወቻ መሥራት ለልጆቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ ወንዶቹ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ ሲሠሩ፣ ሴቶቹም ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለውና በክር አስረው እንደ ልጅ ሲያዝሉ ኖረዋል። የጥበቡን ጥንታዊነት የሚመሰክር አንድ አሻንጉሊት በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በሮማውያን ዘመን በግብፅ የተሠራ ሲሆን፣ ከሻካራ የተልባ እግር ጨርቅ ተሰፍቶ በውስጡ ብጥስጣሽ ጨርቅና ፓፒረስ ተጠቅጥቆበታል። የሠራችው እናት ትሁን አያት ስሟ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከእጇ የተረፈውን ነገር አለመጣሏ ከአሻንጉሊቱ ሆድ ይነበባል።

በዘመናችን በየሱቁ የምናያቸው ለስላሳ የእንስሳት መጫወቻዎች ታሪክም ከሱፍ ጋር የተያያዘ ነው። ማርጋሬቴ ሽታይፍ ጊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። በሕፃንነቷ በፖሊዮ ተይዛ እግሮቿ ሽባ ሆነውባታል፤ ቀኝ እጇንም እንደልቧ ማዘዝ አትችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ከጥቅጥቅ የሱፍ ጨርቅ ትንንሽ ዝሆኖችን ሰፋች። ዝሆኖቹ የታሰቡት ለመርፌ መሰኪያ ነበር። ይሁን እንጂ ሕፃናቱ መርፌውን ትተው ዝሆኑን ወደዱት፤ ሥራውም ቀስ በቀስ አድጎ በዓለም የታወቀ ፋብሪካ ሆነ።

ለመሆኑ ሱፍን ከሌላው ጨርቅ የሚለየው ምንድን ነው? የበግ ጠጉር በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ፍል ውኃና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቶቹ ይነሣሉ፤ ሲታሽ ደግሞ አንዱ ጠጉር በሌላው ውስጥ እየገባ ይቆላለፋል። አንዴ ከተቆላለፈ ወዲያ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የቤት እመቤት ሹራቤ ተበላሸ ብላ የምታዝንበት ይህ መኮማተር ለአሻንጉሊት ሠሪዋ ትልቅ ጸጋ ነው። ምክንያቱም ተራ ሹራብ በመቀስ ሲነካ ክሩ እየተተረተረ ያልቃል፤ የተቆላለፈው ሱፍ ግን እንደ ቆዳ ተቆርጦ ጠርዙ ሳይፈታ ይቀመጣል።

ችግሩ በገበያችን የሚሸጠው ሹራብ ሁሉ ሱፍ አለመሆኑ ነው። ብዙው አክሪሊክ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል አይቆላለፍም። በአንገትጌው ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ አጭር ክር መዝዞ በሸክላ ሳህን ላይ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። ሱፍ እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ እሳቱም ፈጥኖ ይጠፋል፤ ዐመዱ በጣት ሲነካ ይደቃል። አክሪሊኩ ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ሙከራው በአዋቂ እጅ፣ ከልጆችና ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ መደረግ አለበት። በፋብሪካ እንዳይኮማተር ተደርጎ የተዘጋጀ ሱፍም ስላለ በመጀመሪያ ከእጅጌው ጥቂት ቆርጦ መሞከሩ ብልህነት ነው።

ልብስ ማጠቢያ መኪና የግድ አያስፈልግም። ሹራቡ በሳፋ ውስጥ በፍል ውኃና በሳሙና ተዘፍዝፎ በዱላ ይመታል፤ ውኃው ለብ ሲል በእጅ ይታሻል ወይም በእግር ይረገጣል። በመካከሉ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅና እንደገና ወደ ፍል ውኃ መመለስ ሥራውን ያፋጥነዋል። የሹራቡ ዐይኖች ተደፍነው መለየት ሲያቅት ደርሷል ማለት ነው። መጠኑ በሲሶ ያህል ሊቀንስ ስለሚችል ትልቅ ሹራብ ይመረጣል። ፍል ውኃው በውስጡ የተደበቀ የብል እንቁላል ቢኖር ያጠፋዋል። ከማጠቡ በፊት ግን ከታችኛው ጫፍ ጥቂት ክር ተርትሮ ማስቀረት ያሻል፤ ለአሻንጉሊቷ ጠጉር ይሆናልና። ከሹራብ ሹሩባ መሥራት የሚቻለው እንዲህ ነው!

እጅጌው ራሱ ቱቦ ስለሆነ ሥራውን ያቃልላል። አንድ ጫፉ ይሰፋል፤ በጥጥ ወይም በዚያው ሹራብ ቁርጥራጭ ይሞላል፤ ወደ ላይኛው ክፍል ሲሶ ያህል ተለክቶ በክር ሲታሰር ራስና አንገት ይወጣል። ከሌላው እጅጌ ክንድና እግር ይቆረጣል፤ የእጅጌው ጠባብ ጫፍ ደግሞ ቆብ ይሆናል። እንስሳ ለሚፈልግ በግ ከሁሉ ይቀላል፦ ከደረቱ እንቁላል የሚመስሉ ሁለት ቁራጮች ለሰውነቱ፣ ከጠቆረ ሹራብ ደግሞ ለፊቱና ለአራት እግሮቹ ይቆረጣሉ። ጫፍና ጫፉ በጠንካራ ክር እየተጠለፈ ይሰፋል። ከበግ የተሸለተው ጠጉር ስንት አገር ዞሮ፣ ስንት ሰው አሙቆ እንደገና በግ ሲሆን ማየት ለአዋቂም ቢሆን ደስ ያሰኛል።

ስለ ቀለም አንድ ቁም ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ባልና ሚስትም የነበሩ፣ ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የሌላቸውን አሻንጉሊቶች ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ጥቁር ሕፃናት አቅርበው የትኛው እንደሚሻል ጠየቋቸው። ብዙዎቹ ነጩን መረጡ። ጥናቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ይደረግ የነበረውን የዘር መለያየት እ.ኤ.አ. በ1954 በሻረበት ውሳኔ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። የእኛ ታሪክ ከዚያ የተለየ መሆኑ እሙን ነው። ሆኖም ልጃችን የምታቅፋት አሻንጉሊት ሁልጊዜ ወርቃማ ጠጉርና ሰማያዊ ዐይን ያላት ከሆነች፣ ቆንጆ ማለት ማን እንደሆነች ሳንነግራት ነግረናታል። ቡና ዓይነት፣ ጠይምና ቀይ ዳማ የሚመስል ሹራብ ግን በየቤቱ አለ። ከእርሱ የተሠራችው አሻንጉሊት የልጅቱን መልክ፣ ሹሩባዋንና ቢፈለግ የጥበብ ቀሚሷንም ትይዛለች። ይህን ከሱቅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ከአባቷ አሮጌ ሹራብ ግን በሁለት ምሽት ይገኛል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ቢጤ ያስፈልጋል። ገና ሰውን ሊያሞቅ የሚችል ሹራብ መቀስ ሊነካው አይገባም። በበዓሉ ማለዳ በየደጁ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ወገን እያለ ደኅናውን ልብስ ቆራርጦ መጫወቻ ማድረግ ለዛ የለውም። ለአሻንጉሊት የሚሆነው ከሰው ጀርባ ላይ አገልግሎቱን የጨረሰው ብቻ ነው። በሞት የተለየ አባት ወይም አያት ሹራብ ከሆነ ደግሞ ቤተ ሰቡ ተማክሮ ይወስን። አንዳንዱ ሰው ልብሱን እንዳለ ማየት ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ የልጅ ልጅ አቅፎት ሲተኛ ማየት ኀዘኑን ያቀልለታል። ያልተስማሙበትን ልብስ በመቀስ መንካት ቂም ያተርፋል።

ለሕፃን የሚሠራ አሻንጉሊት ቁልፍም ዶቃም አይሰፋበትም፤ በተለይ ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በጥርሱ ነቅሎ ሊታነቅበት ይችላል። ዐይኑም አፉም በክር ይጠለፋል። ፊቱን በጣም ማስጌጥ አያስፈልግም፤ የዋልዶርፍ ትምህርት ቤቶች አሻንጉሊት ሠሪዎች ዐይንና አፍን በጥቂት ነጥብ ብቻ የሚያመለክቱት ሳቁንም ልቅሶውንም ልጁ ራሱ እንዲጨምርበት ብለው ነው። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ይደገም። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ ታጥቦ በጥላ ይሰጣል። ከተረፈው ሱፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ከመርፌው ጋር ብትቀመጥ መልካም ነው፤ እስከ ፋሲካ ድረስ የአሻንጉሊቷ ክንድ መቀደዱ አይቀርምና።